አቤት እንዳትይ

ልጄ ስሟን መፍራት የጀመረችው ትምህርት ቤት በገባች ዓመት ነው። ልጅ ጅብ ይፈራል፣ ጨለማ ይፈራል፣ መብረቅ ይፈራል፣ መርፌ የሚወጋ ሐኪም ይፈራል። ይሄን እናት የሆነች ሁሉ ታውቀዋለች፤ መላውንም አታጣውም። የገዛ ስሙን የሚፈራ ልጅ ግን ከእኔ ሌላ ማንን እንዳጋጠመው አላውቅም። የጠየቅኳቸው ሁሉ ሰምተንም አናውቅ ነው ያሉኝ።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በቀበሌ አዳራሽ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ እንዲያ አድርጉ ብዬ ለመምከር አልደፍርም። የሆነውን ግን ልጻፈው። ልጇ ፈርቶባት ግራ የገባት እናት ካለች የሚጠቅማትን ትውሰድ።

የምንኖረው ከቦሌ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ወደ ጉርድ ሾላ በሚያመራው በኩል ነበር። ያኔ፣ በደርግ ዘመን፣ እዚያ ከቤቱ ሜዳው ይበዛል። አውሮፕላን ሲያርፍ ቆርቆሯችን ይንቀጠቀጣል፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ ጭር ይላል፤ የእንቁራሪት ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ከአንድ የተወረሰ ቪላ ጀርባ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው እኔና ልጄ፣ በሌላኛው አደይ የምንላቸው ጎረቤታችን ከልጃቸው ጋር እንኖራለን። ባለቤቴ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ስለነበር ክፍለ ሀገር ነው የሚከርመው፤ ለበዓል ካልሆነ አናየውም።

አደይ ከትግራይ የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው ይሸጣሉ። ልጃቸው አንድ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ሊጨርስ የደረሰ፣ ረጅም፣ ሳቂታ ልጅ። ልጄን ትከሻው ላይ ሰቅሎ «ጣራውን ንኪ! ሰማይ ነካሽ!» ይላታል። እሷም ከእሱ ሌላ ወንድም አታውቅም።

አንድ ማምሻ ላይ ልጁ በራቸው ላይ ተቀምጦ እግሩን ይታጠባል፤ ልጄ በጣሳ ውሃ ታፈስለታለች። ከአጥሩ ውጭ ስሙ ተጠራ። አንድ ጊዜ ብቻ። ድምፁን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየቀኑ እየመጣ ስለ ኳስ የሚያወራ ጓደኛው ነው።

«አቤት!» አለና እርጥብ እግሩን ነጠላ ጫማ ውስጥ ከተተ። «ውሃውን አትድፊው፣ መጣሁ» አላት ለልጄ። ወጣ። የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን። ሌላ ምንም የለም፤ ጩኸት የለ፣ ግርግር የለ። ልጄ ጣሳውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ግቢ በይ ስላት «ውሃውን አትድፊው ብሎኛል» አለችኝ።

ኋላ እንደሰማነው የወሰዱት ሰዎች ጓደኛውን ይዘው ነው የመጡት፤ እንዲጠራላቸው። እሱም ቢሆን ከዚያ ወዲህ የታየ የለም። አደይ ቀበሌ ሄዱ፣ ከቀበሌ በላይ ወዳለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ሄዱ፣ ምግብ ቋጥረው እስር ቤት ደጃፍ ዋሉ። «እዚህ የለም» እየተባሉ ምግቡን መልሰው ይዘው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ደግሞ ማልቀስም በልክ ነበር። ጠዋት ልጄን ወደ ትምህርት ቤት ስወስዳት መንገድ ዳር ተጥሎ ያደረውን ሬሳ እንዳታይ ነጠላዬን ፊቷ ላይ እጥልባታለሁ። «ምንድን ነው እማዬ?» ስትለኝ «አቧራ ነው» እላታለሁ። ጤዛው ሳይደርቅ ምን አቧራ አለ?

አንድ ቀን አደይ ከእኔ ጋር ተቀምጠው ሽሮ ሲነፉ ወንፊታቸውን አስቀመጡና፣

«ጓለይ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «አቤት ባይል ኖሮ እኮ አይወጣም ነበር።»

«ሌላ ቀን ይመጡ ነበራ፣ አደይ።»

«አይመጡም። ጠርቶ መልስ ያጣ ይሄዳል። ልጄ አቤት አለ። እኔ ነኝ ሰው ሲጠራህ ቶሎ አቤት በል ብዬ ያሳደግኩት።»

እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዝም ያለውንም በር ሰብረው ይወስዱታል። ግን ለእናት ምን ይባላል? ያኔ አጠገባችን የተቀመጠችውን ልጄን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጓት።

«ስሚኝ የኔ እመቤት። ከውጭ ስምሽ ከተጠራ አቤት እንዳትይ። የምታውቂው ድምፅ ቢሆንም አቤት እንዳትይ። የሰው ድምፅ ይዞ ይመጣል።»

«ማን ነው የሚመጣው?»

«የሚጠራው።»

እኔም አላስቆምኳቸውም፤ እንዲያውም «አደይ ያሉሽን ስሚ» ብዬ አጠናከርኩላት። እኔ ባደግኩበት አገርም ማምሻ ላይ ከውጭ አንድ ጊዜ ብቻ ለተጠራ ስም አቤት አይባልም። ሰው ከሆነ ይደግማል፤ ክፉ ነገር ግን የሚጠራው አንዴ ነው፤ አቤት ያለውን ይዞ ይሄዳል ይባላል። እናቴ ነግራኛለች፤ እሷንም እናቷ ነግራታለች። የአገር ቤቱ ፍርሃትና የከተማው ፍርሃት በዚያች ክፍል ተገናኙና አንድ ሆኑ። ልጄንም የምጠብቃት መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ከውጭ ስጠራት ዝም አለች። ጎበዝ፣ ሰምታለች አልኩ። ቆይቶ ከውስጥም ስጠራት ዝም አለች። ምጣድ ላይ ሆኜ ጨው አቀብይኝ ብዬ በስሟ ስጠራት ጥግ ይዛ፣ ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና ታየኛለች። «አንቺ ልጅ!» ካልኳት ትመጣለች፤ ስሟን ካነሳሁ ትጠፋለች።

«እኔ ነኝ እኮ! እናትሽ!» አልኳት ቢቸግረኝ።

«አንቺ መሆንሽን በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። «ድምፅሽን ይዞ ቢመጣስ?»

«ፊቴን እያየሽው አይደለም?»

ትንሽ አሰበች። «ፊትም ይዞ ቢመጣስ?» አለች።

በገዛ ቤቴ፣ በቀን ብርሃን፣ ፊቴን ዳሰስኩት።

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ሆነች። መምህሯ አስጠርታኝ ሄድኩ። ወጣት ናት፣ ቀልደኛ፣ ልጆቹ የሚወዷት።

«እማማ፣ ልጅዎ ትሰማለች?» አለችኝ።

«ከእኔ ይልቅ ትሰማለች።»

«እንግዲያው ለእኔ ለምን አትሰማም? ጠዋት ጠዋት ስም ስጠራ ሁሉም አቤት ይላል። የእሷ ስም ላይ ስደርስ ዴስኩ ሥር ትገባለች። እኔ ደግሞ ለዴስክ ትምህርት አልሰጥም!» ሳቀች፤ ኋላ ግን ፊቷ ተለወጠ። «እንዲህ ከሆነች ወደ ሁለተኛ ክፍል ላሳልፋት አልችልም። መስማት ለማይችሉ ልጆች ትምህርት ቤት አለ፤ እዚያ ትወሰድ ይሉኛል አለቆቼ።»

ልጆቹ ደግሞ ምስጢሩን ቶሎ ደረሱበት። ልጅ የልጅን ፍርሃት ዝንብ ቁስልን እንደሚያገኝ ነው የሚያገኘው። ስሟን ሲጠሩት እንደምትሸሽ አይተው ጨዋታ አደረጉት። ከበው፣ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ ይጠራታል። «ድዳ! ደንቆሮ! አቤት በያ!»

የምችለውን አደረግሁ። «ምንም የለም» አልኳት፤ እንደሌለ እኔም ሳላምን። «አቤት ካላልሽ ጅብ ይበላሻል» አልኳት፤ አንዱን ፍርሃት በሌላው ላይ ጨመርኩበት። ቆነጠጥኳት። ጠበል ወስጄ አስረጨኋት፤ ካህኑ ስሟን ጠይቀው ሲጠሩት ጮኻ ከእጄ አመለጠች፤ የቆሙት ሁሉ «ይዟታል! ይዟታል!» ብለው አማተቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ የባሰውን ዝም አለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፀጉሯን እየሠራሁላት ሳለ ራሷ ጀመረች። ፊት ለፊት ሳንተያይ ሲሆን ይቀላታል መሰለኝ።

«እማዬ፣ ጅምሩ ቤት ውስጥ ይጠራኛል።»

ከአጥራችን ቀጥሎ ያላለቀ ቤት ነበር፤ ጅምሩ ቤት ነው የምንለው። ባለቤቱ ፎቅ ሊሠራ ጀምሮ፣ የትርፍ ቤት አዋጁ ሲወጣ ጥሎት የሄደ። ግድግዳው ቆሟል፤ በርና መስኮት የለውም፤ ክፍተቱ ብቻ። ውስጡ ለሽንት ቤት የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ አለ፤ ክዳን ሳይደረግለት ቀርቶ ዝናብ ሲሆን እስከ አፉ ይሞላል። አንዴ ላም ገብታበት ሰፈሩ በሙሉ በገመድ ሲጎትት ውሏል፤ በሕይወት አልወጣችም።

«ማን ነው የሚጠራሽ?» አልኳት። እጄ ፀጉሯ ላይ ቆመ።

«እሱ።»

«እሱ ማን?»

«የአደይ ልጅ። ስሜን ብቻ ነው የሚለው። አንዴ።»

አፏን በእጄ ያዝኩት። የመጣልኝ ነገር ብዙ ነው። አደይ ይህን ቢሰሙ ሮጠው ይገባሉ፤ አቤት እያሉ ይገባሉ። የቀበሌ ጥበቃዎች ቢሰሙ ደግሞ ልጁ እዚያ ተደብቋል ብለው ሊመጡ ይችላሉ፤ ወሬው ከየት መጣ ሲሉ ከእኔ ልጅ። «ይህን ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት። እንግዲህ አቤት እንዳትይ የተባለች ልጅ፣ እንዳትናገሪም ተባለች። ምን ቀራት?

ከዚያ በኋላ እኔም ጅምሩን ቤት ማየት ጀመርኩ። ልብስ ሳሰጣ አየዋለሁ፤ ውሃ ስቀዳ አየዋለሁ። ባላየው ደግሞ እሱ የሚያየኝ ይመስለኛል። አንድ ቀን ፀሐይዋ ጎንበስ ስትል የታጠበ ልብስ እሰበስባለሁ። ረስቼው ልጄን በስሟ ጠራኋት፤ መልስ የለም። ልብሱን አጣጥፌ ጨረስኩ። ልገባ ስል ከጅምሩ ቤት ላይኛው ክፍተት ስሟ ተጠራ። ዝግ ብሎ፣ ጎርነን ብሎ። የእኔ ድምፅ ነው።

የገደል ማሚቶ አውቃለሁ፤ ገደል አፋፍ ላይ ነው ያደግኩት። የገደል ማሚቶ ወዲያው ይመልሳል። ልብስ እስኪታጠፍ አይጠብቅም። ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ልብሱን መሬት ላይ ጥዬ ገባሁ። ልጄ አልጋው ሥር ጆሮዋን ይዛ ነበር። ከእንግዲህ «ምንም የለም» ልላት አልቻልኩም። ሄጄ አጠገቧ ተጋደምኩ።

ሰኔ ገባ። ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። የምትመለስበት ሰዓት አለፈ። ላስቲክ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። መንገድ ላይ የክፍሏን ልጆች አገኘሁ፤ በስብሰው ይሳሳቃሉ፤ እኔን ሲያዩ ፀጥ አሉ።

«ልጄን አይታችኋል?»

ተገፋፉ። «አንተ ንገራት!» «አንተ ነህ የጀመርከው!» መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ፣

«ስሟን ስንጠራት ሮጠች» አለች።

«ወዴት?»

በአገጯ አሳየችኝ። ወደ ጅምሩ ቤት።

እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ከበሩ ክፍተት ቆሜ ስሟን ጠራሁ። ቤቱ ከላይ፣ ከዚያ ደግሞ ከታች መለሰልኝ። ደግሜ ጠራሁ፤ ስሟ በየክፍሉ ዞረ። ሰው ሁሉ የሚጠራት መሰለ። ያኔ ገባኝ። የትም ብትሆን ትሰማኛለች፤ በጠራኋት ቁጥር ግን ከድምፄ ትሸሻለች፤ የምትሸሸውም ወደ ውስጥ፣ ወደ ጉድጓዱ ነው። ብጠራት ልገድላት ነው። ባልጠራት ደግሞ በዚያ ጨለማ የት ብዬ ላገኛት ነው? አፌን ያዝኩ።

አደይ ጩኸቴን ሰምተው በዝናቡ መጡ።

«እዚህ ገባች? ትፈራው የለ እንዴ?»

«አደይ፣ እዚህ ሰው ይጠራኛል ትል ነበር።»

«ማን?»

ዓይኔን አዩኝ። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ፤ ግድግዳውን ደገፍ አሉ። ግን አልገቡም።

ያን ጊዜ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«እማዬ።»

አንድ ጊዜ። ቀጭን፣ ከጥልቅ የሚወጣ። የእሷ ይመስላል፤ ደግሞ አይመስልም። ከቀኝ ነው ስል ከግራ። አደይ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

«እንዳትመልሺ!»

«ልጄ ናት!»

«አንዴ ነው የጠራው። ቆይ፣ ይድገም። ሰው ከሆነ ይደግማል።»

ቆየን። ዝናቡ ቆርቆሮና ቅጠል ይደበድባል። አልተደገመም። እኔም እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ልጄ ካልሆነች አቤት ብል የሚወስደኝ ምን እንደሆነ አላውቅም። ልጄ ከሆነች ደግሞ ዝም ብላት ትሄዳለች፤ መልስ ያጣ ይሄዳል ሲሉ ሰምታለች። እናቴ ያስተማረችኝ ሁሉ ወደ ኋላ ይጎትተኛል።

«አቤት!» አልኩ።

ሳላስበው ነው የወጣው። አደይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሚገርመው፣ ስም ስንጠራ የሚያስተጋባው ቤት ያን ጊዜ አላስተጋባም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አቤት ያልኩት አንዴ፣ የተሰማውም አንዴ።

«እማዬ» አለ ድምፁ። አሁን ቀረብ አለ።

«አቤት!»

«እማዬ።»

«አቤት የኔ ዓለም! ባለሽበት ቁሚ። አትንቀሳቀሺ። ዝም ብለሽ ጥሪኝ።»

ገባሁ። ውስጡ ከውጭው ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ዋጠው። ጉድጓዱ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ወለሉ የቱ ጋ እንደሆነ አይለይም፤ ሁሉም አንድ ጥቁር ውሃ ነው። ግድግዳውን በጀርባዬ ተደግፌ፣ በእግሬ እየዳሰስኩ ሄድኩ። ትጠራኛለች፣ አቤት እላለሁ። አንዴ እግሬ ባዶ ረገጠ፤ ወደ ኋላ ተወረወርኩ፤ «እማዬ!» ብላ ጮኸች፤ «አቤት፣ አለሁ» አልኳት። ጥግ ላይ፣ በጉድጓዱና በግድግዳው መካከል፣ አንድ ሰው እንኳ በማያስቆም ቦታ ቆማ አገኘኋት። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋለች። አፈፍ አድርጌ አነሳኋት።

«አንቺ ነሽ» አለችኝ፣ አንገቴ ሥር ገብታ።

«በምን አወቅሽ?»

«እሱ አቤት አይልም። መጥራት ብቻ ነው የሚችለው። ስንት ጊዜ ጠራሁት፣ አቤት አይልም።»

«ታዲያ ለምን እሱ ያለበት ገባሽ?»

«እዚህ እሱ ብቻ ነው የሚጠራኝ። ውጭ ሁሉም ናቸው።»

በሩ ላይ የቆሙት አደይ ይህን ሁሉ ሰሙ።

ፍርሃት እንደ ጉንፋን በሳምንት አይለቅም። ልጄም በማግስቱ አልዳነችም። ግን መላው የእሷ ነበር፤ እኔ የተከተልኩት ብቻ ነኝ። በስሟ ከመጥራቴ በፊት እሷ እንድትጠራኝ እተዋታለሁ። «እማዬ!» «አቤት!» ከዚያ እኔ እጠራለሁ፤ ቆይታ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ «አቤት» ትላለች። ሥራ ይዤ ብሆን፣ ሰው ቢኖር፣ አንድም ቀን መልስ ሳልሰጣት አላልፍም። ጎረቤት «እናትየዋ ለልጅ አቤት ትላለች፣ ዘመኑ ገልብጦን!» ብሎ ይስቃል። ይሳቅ። እኔ ያየሁት ይሄ ነው፦ የፈራ ልጅ «ምንም የለም» ሲባል ብቻውን ይቀራል። የሚፈራው ነገር መኖር አለመኖሩን ላውቅለት አልችልም። እኔ መኖሬን ግን ላሳውቀው እችላለሁ።

አደይ ከልጄ ጋር ስለዚያ ነገር ዳግም አላወሩም። ልጄን ባወጣሁባት ሳምንት ግን፣ ዝናብ አባርቶ ሰማዩ ቀላ ሲል፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጅምሩ ቤት ሲሄዱ አየሁ። ተከተልኳቸው፤ አጥሩ ጥግ ቆምኩ። በሩ ክፍተት ላይ ቆሙና የልጃቸውን ስም ጠሩ። አንድ ጊዜ። እንደሚጠራ ሰው ሳይሆን እንደሚጠይቅ ሰው። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁ። አቤት እስኪል።

አውሮፕላን መጣ። ዝቅ ብሎ፣ ምድሩን እያንቀጠቀጠ በላያችን አለፈ። መልስ ቢኖር እንኳ አልሰማንም። አደይ እስኪያልፍ ጠበቁ፤ ካለፈ በኋላም ጠበቁ። ይዞ ሊያጽናናቸው የሚገባ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ግን ምን ብዬ? ሲመለሱ በአጠገቤ አለፉ። «ውሃው ሞልቷል፣ ልጅሽን ጠብቂ» ብቻ አሉኝ።

መምህሯንም ሄጄ ለመንኳት። «አስቀድማ እሷ ትጥራሽ፤ አንቺ አቤት በያት፤ ከዚያ ጥሪያት» አልኳት።

«እኔን? በክፍሉ ፊት? ነገ ሁሉም ጠርቶ አቤት ሊያስብለኝ ነው!» ሳቀች። ዓይኔን ስታይ ሳቋን ተወች። «እሺ እማማ። እንሞክራለን።»

ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀር፣ ልጄን ካስገባሁ በኋላ መሄድ አቃተኝና ከክፍሉ መስኮት ትይዩ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ስም ጥሪ ተጀመረ። አቤት። አቤት። አቤት። የእሷ ተራ ሲደርስ ክፍሉ ፀጥ አለ። «እትዬ» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ልጆቹ ተንሾካሾኩ። «አቤት!» አለች መምህሯ፣ ምንም ሳትቀልድ። ከዚያ የልጄን ስም ጠራች።

«አቤት!» አለች ልጄ።

ጮክ ብላ ነው ያለችው። መንገድ ድረስ የሚሰማ፣ የጠራ አቤት። ልጆቹ አጨበጨቡ። የለመንኩት ይሄው ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር፤ እንባዬም መጣ። ግን እጄን አፌ ላይ ጭኜ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ዞሬ መንገዱን ማየት ነው። ወደ ላይ አየሁ፣ ወደ ታች አየሁ። አንድ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል። ሁለት ሰዎች አጥሩን ተደግፈው ያወራሉ። ልጄ ለጠራት ሁሉ አቤት ማለት ተምራለች፤ እኔም እዚያው ቆሜ፣ ድምፅዋን ሌላ ማን እንደሰማው ስፈልግ ረፈደ።